የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችን በብርድ ጊዜ ዩኒፎርም መቀባት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ

በረዶ ውስጥ ያለ ወታደር ልቀባ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ነጩን ቀለም ነው። አትክፈቱት። ነጩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ቆጠብ ተደርጎ። ብርዱ በቅድሚያ መታየት ያለበት ሰውየው ላይ ነው፦ ኮቱ ወፍሮ፣ አንገቱ ተቀብሮ፣ ፊቱ አመድማ ሆኖ፣ ጫማው ረጥቦ። ይሄ ከሌለ መቆሚያውን የፈለጋችሁትን ያህል በረዶ ብታለብሱት ወታደሩ የፈሰሰ ዱቄት ላይ የቆመ ነው የሚመስለው።

ለማያውቅ ሰው፦ የምናወራው ጠረጴዛ ላይ በዳይስና በሜትር ስለሚካሄደው የጦርነት ጨዋታ ነው። በጨዋታው የምንጠቀምባቸውን ትንንሽ ወታደሮች የምንቀባው ራሳችን ነን። ለብዙዎቻችን ደግሞ መቀባቱ ከጨዋታው ይበልጣል።

መመሪያውን የሠራሁት ኮሪያ ጦርነት ላይ በተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ በቃኘው ሻለቃ ላይ ነው። አንደኛ፣ የራሳችን ታሪክ ነው። ሁለተኛ፣ የውጭ ሰዎች የሚያወጡት የአቀባብ ምክር በአብዛኛው የሚያስበው ስለ ነጭ ሰው ፊት ነው። አፍንጫውን ቀላ አድርጉ፣ ጉንጩን ሮዝ አስነኩ ይላል። ጠይም ፊት ላይ ይህን ብታደርጉ ወታደራችሁ የበረደው ሳይሆን የሰከረ ይመስላል።

ታሪኩን ባጭሩ፣ ለቀለሙ የሚያስፈልገንን ያህል ብቻ። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው ጦር በ1943 ዓ.ም. ማለትም በ1951 እ.ኤ.አ. ፑሳን ወደብ ደረሰ። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። የተመደበውም በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት ውስጥ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በየዓመቱ እየተተካካ ሦስት ሻለቃ ጦርነቱ ውስጥ ገብቷል። አሁን ለቀቢ የሚጠቅመው ነገር ይሄ ነው፦ ከ1951 ወደ 1952 የተሻገረውን ብርድ ያሳለፈው አንደኛው ቃኘው ነው፣ ከ1952 ወደ 1953 ያለውን ደግሞ ሁለተኛው። ሦስተኛው የደረሰው በ1953 ብርዱ ካለፈ በኋላ ነው፣ የተኩስ አቁሙም የተፈረመው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ቃኘው ኮሪያ ውስጥ ባለው ፖርክ ቾፕ ኮረብታ ላይ በረዶ ውስጥ አቁማችሁ ብታሳዩ፣ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይይዛችኋል።

ልብሱን ማወቅ

ዩኒፎርሙም መሣሪያውም የአሜሪካ ነበር። ይሄ ሥራችንን ያቀልልናል። "ቃኘው" ተብሎ የተጻፈበት ሳጥን መፈለግ የለባችሁም፣ የኮሪያ ጦርነት የአሜሪካ እግረኛ በብርድ ጊዜ ልብስ የተቀረጸ ከሆነ ይበቃል። ካልተገኘ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ የ1944ቱ የአርደን ውጊያ አሜሪካኖችም ያስኬዳሉ። ረጅሙን የሱፍ ካፖርት የለበሱትን ግን ተዉአቸው፣ የዚያኛው ጦርነት መልክ ነው ያላቸው።

ከላይ እንጀምር። ራስ ላይ ወይ ኤም-1 የሚባለው የብረት ቆብ ነው፣ ወይ ጆሮ የሚሸፍን ፀጉራም ኮፍያ፣ አንዳንዴም ሁለቱ ተደራርበው። ገላ ላይ የሱፍ ሸሚዝና ሹራብ፣ በላዩ ጃኬት፣ ከሁሉም በላይ ቆብ ያለው ረጅም ፓርካ። ጃኬቱ ወይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትራፊ የሆነው ኤም-1943 ነው፣ ወይ አዲሱ ኤም-1951። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፣ ግን አንድ አረንጓዴ አይደሉም። እጅ ላይ የመተኮሻዋ ጣት ለብቻዋ የወጣችበት ወፍራም ጓንት አለ።

ጫማው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው እሱን ነውና። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከታች ጎማ፣ ከላይ ቆዳ የሆነ ጫማ ነው። ሲራመዱበት እግር ያልባል፣ ቆም ሲሉ ላቡ ይቀዘቅዛል፣ በዚህ ምክንያት ጣቱን ውርጭ የመታው ወታደር ብዙ ነው። ሁለተኛው ከ1951 መጨረሻ ግድም ጀምሮ የመጣው ድፍን ጥቁር የጎማ ቦት ነው። ውስጡ አየር የያዘ ድርብ ስለሆነ ያበጠ ይመስላል፣ ወታደሮቹም "ሚኪ ማውስ" ይሉት ነበር። እኔ ለአንደኛው ቃኘው ሁለቱን እቀላቅላለሁ፣ ለሁለተኛው ጥቁሩን አበዛለሁ።

ፎቶ ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። የዘመኑ ፎቶ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ዛሬ በኮምፒውተር ቀለም የተቀባውን አይታችሁ "እንዲህ ነበር" እንዳትሉ፣ ማሽኑ የገመተው ነው። ከጥቁርና ነጩ የምትወስዱት ቅርጹን ነው፦ ቀበቶው የት ይታሰራል፣ የኮፍያው ጆሮ ታስሯል ወይስ ተንጠልጥሏል፣ ሱሪው ቦት ውስጥ ገብቷል ወይስ ወጥቷል። ቤት ውስጥ የዘማች አያት አልበም ካለ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ የለም።

ምን ያስፈልጋል

ወታደሮቹ ራሳቸው እዚህ አይገኙም፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ነው የሚያመጣልን። ሁለት መጠን ነው በብዛት የሚያጋጥማችሁ፦ 28 ሚሊ ሜትር የሚባለው፣ እሱም ወደ 1/56 (ከእውነተኛው ሰው ሃምሳ ስድስት ጊዜ ያነሰ) የሚጠጋው፣ እና 1/72። ትንሹ ርካሽና ለሻንጣ ቀላል ነው፣ ትልቁ ግን ፊት አለው። ይህ መመሪያ ስለ ፊት ብዙ ስለሚያወራ ትልቁን እመርጣለሁ።

የቀረው ከሞላ ጎደል እዚሁ አለ። ደሴ ፒያሳ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በቱቦ ያለ አክሪሊክ ቀለም ታገኛላችሁ። ሃያ ቀለም አትግዙ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቢጫ አፈርማ (ኦከር)፣ ቀይ ቡናማ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ሰማያዊና ትንሽ ቀይ ካላችሁ ሙሉ ሻለቃ ትቀባላችሁ። የቱቦው ቀለም ለሸራ የተሠራ ስለሆነ ወፍራም ነው፣ በውሃ መቅጠን አለበት። ብሩሽ ላይ ግን አትቆጥቡ። ጫፉ የሚሾል አንድ ጥሩ ብሩሽ ጫፋቸው ከተንጨባረረ አሥር ብሩሾች ይሻላል።

ከዚያ ደግሞ ምላጭ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ስቴኪኒ፣ ሱፐር ግሉ፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ሶፍት። ሲቀቡ ወታደሩን የሚይዝ ቆርኪ፣ በቋሚነት የሚቆምበት ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ግድም የሆነ የብረት ሮንደላ። ሮንደላው ከማንኛውም የብረታ ብረት ሱቅ ይገኛል፣ ክብደቱ ወታደሩ እንዳይወድቅ ያደርጋል፣ ሌላ ጥቅሙን መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

ቀለም መደባለቂያ አትግዙ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ ስስ ስፖንጅ አንጥፉ፣ ውሃ አጠጡት፣ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አድርጉ። ቀለማችሁን ወረቀቱ ላይ። ክዳኑን ከዘጋችሁት ነገም እርጥብ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ኮምቦልቻ ይሄ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው፤ በሙቀቱ ሰዓት ቀለሙ ብሩሹ ላይ እያለ ነው የሚደርቀው። እዚያ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከፋርማሲ የሚሸጠውን ግሊሰሪን በስቴኪኒ ጫፍ ነክታችሁ ቀለሙ ውስጥ ብታማስሉት መድረቁን ያዘገየዋል። ከጫፍ ካለፈ ግን ቀለሙ ጭራሽ አይደርቅም፣ እጅ ላይ ይጣበቃል።

ማጽዳትና ፕራይመር

ወታደሮቹን ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት ስላለባቸው ያለ እጥበት ቀለም አይዝም። ከዚያ በምላጭ ጀርባ የመገጣጠሚያውን መስመር ፋቁ። በተለይ ኮፍያው ላይና ፓርካው ጎን ላይ ያለውን። ወፍራም ልብስ ላይ የቀረ መስመር ኋላ ላይ ስፌት መስሎ ይታያል፣ ያውም የሌለ ስፌት። ምስሉ የቆየ ብረት ከሆነ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በውሃ እያረጠባችሁ ፋቁት፣ ብናኙን አትሳቡ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ።

በ1/72 ሳጥን የሚመጡት አንዳንዶቹ የሚተጣጠፍ ለስላሳ ፕላስቲክ ናቸው። እነዚህ ቀለም ይጠላሉ፣ ጠመንጃቸው በታጠፈ ቁጥር ይራገፋል። መፍትሔው ነጭ ኮላ በውሃ አቅጥኖ ሙሉ ገላቸውን መቀባትና ማድረቅ ነው፣ ቀለሙ ከዚያ በላይ ይሄዳል።

ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጋችሁ ቆርኪው ላይ አቁሙት። አሁን ፕራይመር፣ ማለትም ከሌላው ቀለም ሁሉ ሥር የሚነፋው የመጀመሪያ ቀለም። ኮምቦልቻ የመኪና ቀለም ከሚሸጡ ሱቆች ጥቁርና ግራጫ እስፕሬይ ታገኛላችሁ። የመኪና ቀለም አንዳንዱ ፕላስቲክ ይበላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ትራፊ ፕላስቲክ ላይ ሞክሩት። ከ25 ሴንቲ ሜትር ግድም ርቀት፣ አጭር አጭር፣ ሳትቆሙ ንፉ። መጀመሪያ ሙሉውን ጥቁር። ሲደርቅ ግራጫውን ከራሱ በላይ፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ። ይሄ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ካርታ ይሰጣችኋል። ሁለተኛ እስፕሬይ ከሌላችሁ በደረቅ ብሩሽ (ቀለሙ ሶፍት ላይ በተራገፈ ብሩሽ) ግራጫ ከላይ ወደ ታች ብታሹት ያው ነው።

አየሩን እዩ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል። በዚያ እርጥበት የተነፋ እስፕሬይ ይሻክራል፣ ቫርኒሽ ከሆነ ደግሞ ነጭ ጭጋግ ያበጃል። ፀሐይ የወጣችበትን ቀትር ጠብቁ፣ ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ አራግፉት። ለብ ያለ ነው ያልኩት። ምድጃ አጠገብ ያስቀመጠ ሰው ወሬውን የሚነግራችሁ ጎረቤት ነው። ካልሆነ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ወዳጅ ቤት ነፍቶ መመለስ ይቻላል፣ ብዙ ወታደር አጠራቅማችሁ ከሆነ ያዋጣል።

የወይራው አረንጓዴ

የአሜሪካን የወይራ አረንጓዴ ለማግኘት አረንጓዴ ቀለም አያስፈልግም። ቢጫና ጥቁር ሲደባለቁ የሚወጣው የወይራ አረንጓዴ ነው። ኦከር አራት እጅ፣ ጥቁር አንድ እጅ ያህል አድርጋችሁ ጀምሩ፣ የየፋብሪካው ቀለም ጉልበቱ ስለሚለያይ ቀሪውን ዓይናችሁ ይወስን። ከዚህ መነሻ ሦስት ቀለም ታወጣላችሁ። ጥቁር ቡናማ ስትጨምሩበት ለኤም-1943 ጃኬት፣ በጣም ትንሽ ሰማያዊና ነጭ ስትጨምሩበት ለኤም-1951ና ለፓርካው፣ ኦከሩን ስታበዙ ደግሞ ለቀበቶ፣ ለጥይት መያዣና ለቦርሳ። ሦስቱን በየክዳኑ ቀላቅላችሁ አስቀምጡ። አንድ ወታደር ላይ ቢያንስ ሁለቱ መታየት አለባቸው። ጃኬትና ሱሪው ፍጹም አንድ ቀለም ከሆኑ ገና ከመጋዘን የወጣ ይመስላል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። መነሻውን ቀለም አቅጥናችሁ ሁለት ጊዜ ደርቡ። አንድ ወፍራም ድርብ ቅርጹን ይደፍናል፣ ሁለት ቀጭን ግን ግራጫውንና ጥቁሩን ከሥር ትንሽ ያሳያል፣ የምንፈልገውም ያንን ነው። ሲደርቅ ዋሽ የሚባለው፣ ለጥላ የሚሆን በጣም የቀጠነ ቀለም፦ ጥቁር ቡናማ ቀለም ስምንት ዘጠኝ እጅ ውሃና አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና። ሳሙናው ውሃው ኳስ ሆኖ እንዳይቆም ያደርገዋል። ሙሉ ገላውን አትንከሩት። ቦይ ቦዩን ብቻ፦ ብብት፣ ቀበቶ ሥር፣ የኪስ ክዳን ሥር፣ ቆቡ ከአንገት ጋር የሚገናኝበት።

ወፍራም ልብስና ስስ ልብስ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። ስስ ሸሚዝ ብዙ ትንንሽ እጥፋት አለው፣ ጠርዙም ስለት ነው። ጥጥ ወይም ፀጉር የተደረበበት ፓርካ ግን እጥፋቱ ጥቂት፣ ትልልቅና ዱልዱም ነው። በቀጭን ነጭ መስመር ጠርዝ ጠርዙን ካሰመራችሁት ፓርካው ሸሚዝ ሆኖ ቁጭ ይላል። ማድመቂያውን በሰፊው ተጠቀሙ፦ መነሻው ላይ ኦከርና ጥቂት ነጭ ጨምሩ፣ የትከሻውን አናት፣ የክንዱን ውጫዊ ሆድ፣ የጀርባውን እብጠት በክብ በክብ አድምቁ፣ ከዚያ ብሩሹን በውሃ አርጥባችሁ ጠርዙን አስታርቁት። ሁለተኛው ማድመቂያ ጠበብ ይበል። ሦስተኛ አያስፈልግም። በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ያለች፣ ሰማዩም ግራጫ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ብርሃን ልብሱ ላይ ከየት ይመጣል?

ቀበቶውን፣ ኪሱን፣ ማሰሪያውን ከዚህ በኋላ። ጃኬት ብቻ የለበሰ ወታደር ካላችሁ ግራ ትከሻው ላይ የ7ኛ ክፍለ ጦርን ምልክት ማድረግ ትችላላችሁ፦ ቀይ ክብ፣ በውስጡ ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች። ፓርካ ላይ ባታደርጉት ይሻላል።

ፊትና እጅ

እኔን ጠይቃችሁ ከሆነ ግማሹ ሥራ ይሄ ነው።

የቡድኑን ሰዎች አንድ ዓይነት ቡናማ አትቀቧቸው። ጠይም አለ፣ የቀይ ዳማ አለ፣ ጥቁር አለ። አሥር ወታደር ካላችሁ ሦስት መነሻ ቀለም ይኑራችሁ፣ ልዩነቱም ስውር ይሁን። ለጠይሙ ቀይ ቡናማና ጥቁር ቡናማ እኩል ለእኩል። ለጥቁሩ ጥቁር ቡናማ ላይ በጣም ትንሽ ሰማያዊ። ለቀይ ዳማው ቀይ ቡናማ ላይ ኦከር። ጥላውን በጥቁር አታድርጉት፣ ቆዳው ይሞታል። መነሻው ላይ ቀይና ሰማያዊ ጠብ አድርጋችሁ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ጥቁር ቡናማ አውጡ፣ እሱን ዓይን ጉድጓድ ውስጥ፣ አፍንጫ ሥርና ኮፍያው ከግንባር በሚገናኝበት ላይ አስነኩ።

ማድመቂያው ላይ ነው ብርዱ የሚገባው። ለሞቃት አገር ወታደር ቢሆን ኦከር ጨምረን ወርቃማ እናደርገዋለን፣ ላቡም ያብረቀርቃል። የበረደው ሰው ቆዳ ግን ይደርቃል፣ አመድማ ይሆናል። ኅዳር ላይ በማለዳ ከቤት የወጣ የደሴ ልጅ ጉንጭና የእጁን መገጣጠሚያ ማየት ነው፣ ከዚያ የተሻለ ሞዴል የለም፣ ቫዝሊኑን ገና አልተቀባም። ስለዚህ መነሻው ላይ ኦከርና ትንሽ ግራጫ ጨምሩ። ግራጫው ሲበዛ ሰውየው ሬሳ ይሆናል፣ በስቴኪኒ ጫፍ እየጨመራችሁ ሞክሩ። እሱን የጉንጭ አጥንት፣ የአፍንጫ ድልድይ፣ አገጭ፣ ጓንት ከሌለው ደግሞ የእጁ መገጣጠሚያ ላይ አድርጉ። ከንፈሩን በጣም በቀጠነ የወይን ጠጅ ቡናማ አንድ ጊዜ ብቻ እለፉት፣ የታችኛው ላይ ብቻ ትንሽ ሮዝማ ቡናማ አስነኩ። ዓይን ነጩ ንጹህ ነጭ አይሁን፣ ክሬም ላይ ግራጫ ይሁን፣ ብሌኑም ሰፊ ይሁን፤ ነጩ ከበዛ የደነገጠ ይመስላል። በ1/72 ከሆነ ዓይኑን ተዉት፣ ጥላው ይበቃዋል።

ጢም ያለው ወታደር ከፈለጋችሁ አገጩ ላይ ግራጫ ሰማያዊ አትቀቡ፣ እሱም የነጭ ሰው ምክር ነው። ጥቁር ቡናማ በጣም አቅጥናችሁ አንዴ ማለፍ ነው።

ኮፍያ፣ ጫማ፣ ጠመንጃ

የኮፍያው ጨርቅ እንደ ጃኬቱ ነው። ፀጉሩን ጥቁር ቡናማ ቀቡ፣ ከዚያ ኦከር የተጨመረበት ቡናማ ብሩሹ ላይ አንስታችሁ ሶፍት ላይ እስኪደርቅ አራግፉና ፀጉሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረጉት። አለቀ። ምስሉ ባዶ የብረት ቆብ ብቻ ካለው ግን ፀጉራም ጆሮውን መጨመር ይቻላል። ሁለት ሆኖ የሚቀላቀለውን የቧንቧ መድፈኛ ማጣበቂያ ጥቂት ቆርሳችሁ ከቆቡ ሥር በጆሮው በኩል ለጥፉ፣ ሳይደርቅ በመርፌ እየወጋችሁ ፀጉር አስመስሉት።

ጥቁሩን ቦት ድፍን ጥቁር አታድርጉ። ጥቁር ላይ ትንሽ ቡናማና ግራጫ። ጎማና ቆዳ ባለው ጫማ የታችኛውን እንዲሁ፣ የላይኛውን ቀይ ቡናማ።

ጋራንዱ፣ እኛ ኤም-ዋን የምንለው ጠመንጃ፣ እንጨቱ ቀይ ቡናማ ላይ ጥቁር ቡናማ መስመር ነው። ብረቱ ጥቁር፣ ጠርዙ ላይ ቀላል ግራጫ። ብር ቀለም አትንኩ።

ነጭ የለበሰ ሁሉ

ቃኘው ካለ ፊት ለፊቱ የሚቆም መኖር አለበት። የቻይና ወታደሮች ብርዱን ያለፉት ጥጥ የተጠቀጠቀበት ድርብ ልብስ ለብሰው ነው፣ አንዱ ገጽ ሰናፍጭማ ቢጫ፣ የተገለበጠው ደግሞ ነጭ። በራሳችን በኩልም ለቅኝት የሚወጣ ቡድን ከላይ ነጭ መደረቢያ ሊለብስ ይችላል። ስለዚህ ነጭ ልብስ መቀባት አይቀርላችሁም።

ሕጉ አንድ ነው፦ ጠረጴዛው ላይ በጣም ነጩ ነገር በረዶው መሆን አለበት። ልብሱ ከሱ መደብዘዝ አለበት፣ ካልሆነ ሰውየው ከመሬቱ አይለይም። ሞቅ ባለ ግራጫ ጀምሩ፦ ነጭ፣ ጥቂት ጥቁር፣ ጥቂት ቡናማ። ጥላውን ለማወቅ ጋቢ መስኮት አጠገብ ስቀሉና እዩት። እጥፋቱ ውስጥ ጥቁር የለም፣ ሰማያዊ ያለበት ግራጫ ነው ያለው። ያንን ቀለም አቅጥናችሁ እጥፋቱ ውስጥ አስገቡ። ለቻይናዎቹ በቁመት የወረዱትን የስፌት መስመሮች በዚሁ ቀለም አንድ በአንድ ተከተሉ። አድካሚ ነው፣ አብሽሩ፣ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። ክሬም በትከሻ፣ በጉልበትና በኮፍያ አናት ላይ። ንጹህ ነጭ ከፈለጋችሁ ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ።

ከዚያ አቆሽሹት። ጉልበት፣ ክርን፣ የኮቱ ጫፍ፣ የኪስ አፍ። የወር ልብስ ነው፣ ምሽግ ውስጥ ጭስና ጭቃ አለ። ትንሽ ስፖንጅ ቀድዳችሁ ቀጭን ቡናማ አስነኩትና ሶፍት ላይ አራግፋችሁ ነካ ነካ አድርጉ።

ቫርኒሽ

ከበረዶው በፊት ነው። ምክንያቱም ቫርኒሽ በረዶውን ያደበዝዘዋል። የማያብለጨልጭ ይሁን፣ ሁለት ቀጭን ድርብ። ሲደርቅ በብሩሽ ጥቂት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ጎማው ጫማ ላይ ብቻ አስነኩ። ጎማው እርጥብ፣ ጨርቁ ደረቅ ሲመስል ዓይን ልዩነቱን ሳያውቀው ይይዘዋል።

በረዶው

የሮንደላውን ቀዳዳ በካርቶን ደፍናችሁ ወታደሩን ከቆርኪው አውጥታችሁ ለጥፉበት። መጀመሪያ መሬት ሥሩ እንጂ በረዶ አታድርጉ። የኮሪያ ማዕከላዊ ግንባር ቀጥ ያለ ኮረብታ፣ በመድፍ የተላጨ ዛፍ፣ ደረቅ ሣርና ድንጋይ ነው። ኮላ ቀብታችሁ የተነፋ አሸዋና ጥቂት ኮረት በትኑ፣ ሲደርቅ ጥቁር ቡናማ፣ ከዚያ ግራጫማ ቡናማ በደረቅ ብሩሽ። ደረቅ ሣር ከፈለጋችሁ ከአሮጌ የቀለም ብሩሽ ወይም ከቃጫ ገመድ ፀጉር ቆርጣችሁ በኮላ ትከሉ።

በረዶውን እንዲህ አዘጋጁት፦ ነጭ ኮላ፣ ነጭ አክሪሊክ፣ እና የእምነ በረድ ዱቄት። ዱቄቱ እምነ በረድ ከሚቆርጡ ሰዎች ዘንድ ከማሽኑ ሥር ይገኛል፣ በወንፊት ንፉት። ሊጡ ከስቴኪኒው ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ይሁን። ብዙ ሰው የዳቦ ሶዳ ይጠቀማል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ያምራል፣ እየቆየ ግን ወደ ቢጫ ሊሄድ ይችላል፣ እርጥበትም ይስባል። የደሴን ክረምት እያወቅን ሶዳ ላይ ማመን አይገባም። ሊጡ ውስጥ የመርፌ ጫፍ የምታህል ሰማያዊ ብትጨምሩ ነጩ ይበርዳል።

ልኩን አስቡ። በ1/56 ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን 10 ሴንቲ ሜትር በረዶ ከ2 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ጉልበት ድረስ ከሆነ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያኔ ወታደሩ ሊራመድ አይችልም፣ የሚሮጥ ወታደር እዚያ ውስጥ አትትከሉ። አብዛኛው መቆሚያ ሁለት ሚሊ ይበቃዋል፣ ያውም ሁሉንም ሳይሸፍን። በረዶ በድንጋዩ በአንድ በኩል ይከማቻል፣ በሌላው በኩል አፈሩ ይታያል። ኮሪያ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለሆነች የሚቆየው የሰሜኑ ገጽ ላይ ነው። ለቡድናችሁ ሰሜን የቱ እንደሆነ ወስኑና ሁሉም መቆሚያ ላይ በአንድ አቅጣጫ አድርጉት። ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ኮረብታ ላይ ያሉ ይመስላሉ።

ሊጡ ሳይደርቅ የወታደሩን የኋላ ዱካ በስቴኪኒ ጫኑ። ሲደርቅ ዱካው ውስጥ ቀጭን ቡናማ ጠብ አድርጉ፣ የተረገጠ በረዶ ጭቃ ነው። ጥላ ያለበትን ጉድጓድ ደግሞ በጣም በቀጠነ ሰማያዊ ግራጫ።

ሰውየው ላይ በረዶ ሲሆን ቆጥቡ። ሕይወት ያለው ሰው ይሞቃል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ትከሻው ላይ ያረፈው ይራገፋል። የጫማው አፍንጫ፣ ተንበርክኮ ከሆነ ጉልበቱ፣ ጀርባው ላይ የተጠቀለለው ብርድ ልብስ አናት፣ ይበቃል። የቆመ ጠባቂ ከሆነ የብረት ቆቡ አናት ላይም ትንሽ ይፈቀድለታል። በአሸዋ የተሞሉ ከረጢቶች ካሏችሁ ግን ላያቸው ላይ እንደልባችሁ።

አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፣ በጉም ወቅት ሁለት። ኮላው ውስጡ ሳይደርቅ ጠረጴዛ ላይ ካወጣችሁት የጣት አሻራ ይቀርበታል። ለመጓጓዣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት የጫማ ካርቶን ሥር ለጥፉና ሮንደላዎቹን በላዩ አቁሙ። የደሴ ልጆች ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር ሲጫወቱ በሐረጎ መጠምዘዣ ላይ ሚኒባሱ የፈለገውን ያህል ቢወዛወዝ ቡድኑ እንደቆመ ይደርሳል። ማግኔቱ ሰፊ ካልሆነ ጠርዝ ላይ ያሉትን በሶፍት ጠቅልላችሁ ለብቻ ያዟቸው።